የተመለሰው ሽፈራው

የወንድሜ የዶላሞ ሚስት የሺሀረግ በጂንካ ገበያ የሽፈራው ቅጠል ዱቄት ትሸጣለች። ትሸጣለች ስል ቁጭ ብላ ገዢ የምትጠብቅ እንዳይመስላችሁ። የሺ ገዢ አትጠብቅም፣ ትጠራለች። የመንገደኛውን ፊት አየት ታደርግና በሽታ ትመርጥለታለች። ዓይኑ የቀላው ግፊት አለበት፣ የከሳው ስኳር አለበት፣ ቦርጩ የወጣው ልቡ በስብ ታፍኗል፣ ምንም የሌለበት ደግሞ ገና ሊመጣበት ነው። የሁሉም መድኃኒት ያው ጆንያዋ ውስጥ ያለው አረንጓዴ ዱቄት ነው።

ቅጠሉን ከካኮ ገበያና ከአርቦሬ በኩል ከሚመጡ ሴቶች ትገዛለች፣ ጥላ ውስጥ ታደርቀዋለች፣ ትወቅጠዋለች፣ ትነፋዋለች። ሥራዋ ንጹሕ ነው፣ በዚህ አላማትም። ሚዛን ግን የላትም። መስፈሪያዋ እፍኟ ነው። ደስ ባላት ቀን እፍኟ ይሰፋል፣ በተናደደች ቀን ይጠባል። እስከ መቼ ይጠጣ ብለው ሲጠይቋት «እስኪሻልህ ድረስ» ትላለች። በኮሮና ጊዜማ የከተማው ሰው አፉን ሸፍኖ ወደ እሷ ሲጎርፍ፣ የጤና ቢሮ ኃላፊ የሆነች መስሏት ነበር።

እኔ ሰብለ እባላለሁ፣ የዶላሞ ታናሽ እህት ነኝ። እነሱ ግቢ ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ልብስ እሰፋለሁ። ከየሺ ጋር ለብዙ ዓመት አልተዋደድንም። እሷ ከሳውላ የመጣች ምላሷ የማያርፍ ሴት ናት፣ እኔም ብሆን ከእሷ የማላንስ ነኝ፣ እንዲህ ያለን ሁለት ሰዎች አንድ ግቢ አይበቃንም። ይህን ቀድሜ የምናገረው በኋላ ሳለቅስላት ስታዩ ድሮም የምሳሳላት እንዳይመስላችሁ ነው።

የጡቷን እብጠት ያገኘሁት እኔ ነኝ። ለገና ቀሚስ ስለካት ሜትሩ ብብቷ ሥር ሲያልፍ ተሸማቀቀች። ምንድን ነው ስላት ምንም አለች። የሺ «ምንም» ብላ ዝም ካለች ነገሩ ከባድ ነው። ሸሚዟን በግድ አስወልቄ ሳይ፣ ግራ ጡቷ ላይ የተቦካ ሽፈራው ተለጥፎበታል። ለካ ለወራት ጧት ጧት እየለጠፈች፣ ማታ ማታ እየጠጣች ኖሯል። ያን ቀን ስለዚህች ሴት አንድ ነገር ገባኝ። ሰው አታታልልም። የምትለውን ሁሉ ከልቧ ታምናለች። ይህ ደግሞ ከማታለል ይብሳል።

የጡት ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ሐዋሳ ወስደናት ቀዶ ሕክምናው ተደረገላት፣ ቁስሉ ደረቀ፣ ከዚያ ኬሞ የሚባለውን ልትጀምር ዶክተር ኤልያስ ፊት ተቀመጥን። ወጣት ነው፣ ትሑት ነው፣ ግን ሲያስጠነቅቅ ፊቱ ይለወጣል። ኬሞው እስኪያልቅ ድረስ ምንም ዓይነት ቅጠል፣ ሥር፣ ዘር፣ ዱቄት እንዳትወስድ ነገራት። የሺ ጉሮሮዋን ጠረገችና የሌላ ሰው ጉዳይ እንደምትጠይቅ ሁሉ «ሽፈራውስ? ሰዎች ሽፈራው ጥሩ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ» አለችው። እነዚያ ሰዎች እነማን እንደሆኑ የማውቀው እኔ ወደ መስኮቱ ዞሬ ሳቄን ዋጥኩ።

ዶክተሩ ቅጠልን አልናቀም። ዕፅዋት ውስጥ ያለውን ነገር ከኬሞ ጋር አጣምረው የሚያጠኑ ሰዎች እንዳሉ፣ አንዳንዱ ቅጠል መድኃኒቱን ሲያግዘው፣ አንዳንዱም ሲያዳክመው ወይም ጉበት ላይ ሲያከብደው እንደታየ፣ አብዛኛው ጥናት ግን ገና ላብራቶሪ ውስጥ ሳህን ላይ እንደሚሠራ ነገረን። የሺ «እኔ እንግዲህ ሳህን አይደለሁም» አለች። «አይደሉም። ለዚህ ነው የከለከልኩዎት» አላት። የታዘዘው ዙር ሳያልቅ ከተቋረጠ በሽታው ተመልሶ ሊመጣ እንደሚችልም ሳይሸሽግ ነገራት። እሺ ብላ ወጣች፣ እውነቷንም ነበር።

ችግሩ የጀመረው ጂንካ ስንመለስ ነው።

እኛ ዘንድ ታማሚ ለመጠየቅ ባዶ እጅ አይኬድም። ያመጡት ነገር ሲቀመስ ሳያዩ መነሣትም ነውር ነው። መጀመሪያ የመጣችው ሮማነወርቅ ናት፣ የቤተ ክርስቲያናችን የሴቶች ኅብረት ሰብሳቢና የየሺ ዋና ደንበኛ። ከቦርሳዋ የላስቲክ ከረጢት አወጣች። ውስጡ ሽፈራው ነው። «ከአንቺው የገዛሁት ነው፤ የሌላ ሰው ዱቄት አላምንም» አለችና ሙቅ ውሃ አስመጥታ በብርጭቆ በጥብጣ ሰጠቻት። ከእሷ በኋላ የመጡትም እንደዚያው። አንዷ ከማር ጋር፣ አንዷ ከነጭ ሽንኩርት ጋር፣ አንዷ እንዲያው በባዶው። የሺ ለዓመታት በእፍኝ ያከፋፈለችው ዱቄት ሁሉ መንገዱን እየጠየቀ ወደ ቤቷ ተመለሰ።

ብትጠጣ ኬሞው ይበላሻል። አልጠጣም ብትል ደግሞ «ነቀርሳን ሳይቀር ያስቆማል» ብላ የሸጠችውን ዱቄት ራሷ ፈራችው ይባላል፣ ገበያዋም ያን ቀን ያበቃል። የመጀመሪያውን ቀን በመስኮት ደፋነው። ከመስኮቱ ሥር ግን የጎረቤታችን ነጭ ነጠላ ተሰጥቶ ነበርና አረንጓዴ ሆኖ ተገኘ። ጥፋቱን በዶሮዋ ላይ አላከክን፣ ዶሮ ግን እንዲህ ያለ ቀለም ከየት ታመጣለች የሚል ጥያቄ ሰፈሩ ውስጥ ሰንብቷል።

ያኔ ዶላሞ «አምጡት፣ እኔ ልጠጣው» አለ። ወንድሜ አናጢ ነው፣ ዝምተኛ ነው፣ የሚደፋ ነገር አይወድም። ሚስቱን የሚወድ መሆኑን ከአፉ ሰምቼ አላውቅም። ያን ቀን ግን የሰማሁት መሰለኝ።

አልጋውን ከሳሎኑ የሚለይ መጋረጃ አለ፣ እኔው የሰፋሁት። ጠያቂ ሲመጣ ዶላሞ ከመጋረጃው ጀርባ ዱካ ላይ ይቀመጣል። የሺ ብርጭቆዋን ትቀበልና ሰው ፊት ስትጠጣ እንደሚያስመልሳት ተናግራ ትገባለች። ከዚያ ጉ ጉ ጉ የሚል ድምፅ ይሰማል። ከዚያ ከንፈሯን በሻርፗ እየጠረገች ትወጣለች። ሮማነወርቅ አጠጣጧን እየሰማች ትደነቅ ነበር፣ የበሽተኛ ጉሮሮ አይመስልም ትላለች። አንድ ቀን ከመጋረጃው ጀርባ ረጅም ግሳት ተሰማ። እኔ መርፌ ጣቴን ወጋኝ። ሮማነወርቅ ግን እጇን ወደ ላይ ዘርግታ «ተመስገን፣ ሆዷ ተከፈተ» አለች። የሺ ስትወጣ ፊቷን በሻርፗ ሸፍና ነበር፣ ሴቶቹም ያለቀሰች መስሏቸው አጽናኗት።

ሳቃችን ብዙ አልቆየም። የመጀመሪያዎቹ ዙሮች መድኃኒት ቀይ ነው፣ በደም ሥር ሲገባ ይታያል። ፀጉሯ በእጄ ላይ ቀረ። አፏ ቆሳስሎ ውሃ እንኳ ያቃጥላታል። ከሐዋሳ ጂንካ ያለውን መንገድ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደግፋ ኮንሶን፣ ወይጦን ሳታይ ታልፋለች። መቀለዷን ስታቆም ፈራሁ። ያቺን ምላስ ለዓመታት ዝም ባሰኘልኝ ብዬ የጸለይኩባት ሴት ዝም ስትል፣ ቤቱ አልኖርበት አለኝ።

በዚህ መሐል ሮማነወርቅ ሌላ ሐሳብ ይዛ መጣች። ያ ሐዋሳ የሚሰጧት ነገር መርዝ ነው፣ የቆመችው በሽፈራውና በጸሎት ነው፣ ይህንንም ሴቶቹ ሁሉ በዓይናቸው እያዩ ነው፣ ስለዚህ መመላለሱ ይቅርባት። ሌሎቹም ተቀበሏት። እስቲ ይታያችሁ፣ የሺ ከዚያ ዱቄት አንዲት ጠብታ አልቀመሰችም። እነሱ ግን ስትጠጣ ሰምተዋል፣ በእግሯ ቆማም አይተዋታል። እኛ የፈጠርነውን ማስረጃ እነሱ እውነት አድርገው መልሰው አመጡልን።

ሲሄዱ የሺ ብርጭቆውን አንሥታ አየችው።

«ማክሰኞ ሐዋሳ አልሄድም» አለችኝ። «የራሴን ሽፈራው እጠጣለሁ።»

«በሽፈራው ነው የቆምሽው? አልጠጣሽውም እኮ።»

«ሳልጠጣው እንዲህ ካቆመኝ፣ ብጠጣውማ አስቢው።»

እንዲህ ካለች ሴት ጋር ምን ብዬ ልከራከር? ዶክተሩ ያላትን አስታወስኳት፣ ተቆጣሁ፣ ለመንኩ፣ በመጨረሻም ወደ ክፍሌ ገብቼ የስፌት መኪናዬ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ዶላሞም ለመናት፣ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች። ከሰኞ ጀምራ ልትጠጣ፣ ማክሰኞ አውቶቡሱ ያለ እሷ ሊሄድ ተወሰነ። ውሳኔ ማለት የሺ ዘንድ እንዲህ ነው፣ አንዴ ከአፏ ከወጣ፣ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» እንደሚሉት ሱቆች ናት።

አሁን ስለ ዶላሞ ልንገራችሁ። ወንድሜ የደም ግፊት አለበት፣ በየቀኑ ጧት ኪኒኑን ይውጣል። ሐዋሳ የተነገረን ስለ የሺ ኬሞ ነው፣ የዶላሞን ኪኒን ማን አሰበው? በዚያ ሰሞን ከተቀመጠበት ሲነሣ ግድግዳ ይይዝ ጀምሮ ነበር። አንድ በር አሳጥሮ ሠርቶ ባለቤቱ ሊደበድበው ደረሰ። ዓይኔ ብዥ አለብኝ ሲለን፣ ሰው ሁሉ ሲያረጅ እንዲያ ይላል ብለን ሳቅንበት።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሞልቶ ነበር። ሮማነወርቅ ለምስክርነት ወጣች። እኅታችን የሺሀረግ ጌታ በሰጠን ቅጠል እንደቆመች፣ ብርጭቆዋን እንዴት እንደምትጨልጥ፣ ሆዷ እንኳ እንዴት እንደተከፈተ ተናገረች። የሺ መቀመጫዋ ላይ ጣቶቿን እያፍተለተለች አንገቷን ደፋች። ከዚያ ሮማነወርቅ ሁላችን ተነሥተን እንድናመሰግን ጠየቀች። ተነሣን። ዶላሞም ተነሣ። ወዲያው እንደተነሣ ደግሞ ከፊቱ ባሉት ሽማግሌ ጀርባ ላይ እንደ ጆንያ ወደቀ።

አንዳንዱ እጁን ጭኖ መጸለይ ጀመረ፣ እኔ ባጃጅ ጠራሁ። ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ ግማሹ የሴቶች ኅብረት ከኋላችን ገብቶ ነበር። ነርሷ ኢየሩሳሌም ግፊቱን ለካች፣ ደግማ ለካች፣ እግሩን ከፍ አድርጋ ግሉኮስ ሰቀለችለት። ግፊቱ ከሚገባው በታች ወርዷል። ሲነቃ ከኪኒኑ ሌላ የሚወስደው ነገር እንዳለ ጠየቀችው።

«ሽፈራው» አለ ዶላሞ።

«ምን ያህል?»

ወንድሜ በጀርባው ተኝቶ መዋሸት የሚችል ሰው አይደለም። ጣሪያውን እያየ «ጠያቂ የመጣውን ያህል» አላት።

ሴቶቹ ወደ ዶላሞ፣ ከዶላሞ ወደ የሺ ተመለከቱ። ኢየሩሳሌም ግራ ተጋብታ ኪኒኑ ግፊት እንደሚያወርድ፣ ሽፈራውም ያወርዳል እንደሚባል፣ በዚያ ላይ ያለ ልክ ከተጠጣ ሁለቱ ተደራርበው ሰው ሊጥሉ እንደሚችሉ ታስረዳ ነበር። የሚሰማት አልነበረም።

«ታዲያ አንቺ ምን ስትጠጪ ነበር?» አለች ሮማነወርቅ።

የሺ ሻርፗን ከራሷ ላይ አወረደች። ፀጉር አልባውን ጭንቅላቷን ለሰው ስታሳይ ያ የመጀመሪያዋ ነው። «ምንም» አለች። «ሐኪሙ ከልክሎኛል። ለእናንተ መናገር አፈርኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ጠጡ ጠጡ ስል ኖሬ፣ እኔ አልጠጣም ብል ማን ያምነኛል?»

ሮማነወርቅ የምትቆጣ መሰለኝ፣ ለመልሱም ተዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን ወደ አልጋው ጠጋ ብላ «ያ ግሳት የዶላሞ ነበር?» ብላ ጠየቀች። ዶላሞ ከነግሉኮሱ ራሱን ነቀነቀ። መጀመሪያ የሳቀችው ኢየሩሳሌም ናት፣ ከዚያ ማን ያቁመን። ከጎን የተኛ ሰውዬ እንኳ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ሳቀ።

ሰዎቹ ሲሄዱ የሺ የዶላሞን እጅ ይዛ ቀረች። እኔ ከእግሩ በኩል ነበርኩ። ቀስ ብላ «ቅጠሌ ይሠራል ማለት ነው» አለችኝ። ባሏን ገድላ ልትኮራ ነው ብዬ ደሜ ፈላ። ነገር ግን ዓይኗን ሳይ እንባ ሞልቶታል።

«የማይሠራ ነገር እንዲህ ያለ ሰው አይጥልም፣ ሰብልዬ። ውሃ ቢሆን ኖሮ ምን ያደርገው ነበር? ይህን ሁሉ ዓመት ለማን ስንት እፍኝ እንደሰጠሁ አላውቅም። ማን ኪኒን እንደሚወስድ ጠይቄ አላውቅም።» ከዚያ የዶላሞን እጅ ግንባሯ ላይ አድርጋ አለቀሰች፣ እኔም አብሬያት አለቀስኩ፣ ዶላሞ ደግሞ ተኝቶ ያንኮራፋ ነበር። ስትጨርስ አፍንጫዋን ጠረገችና ማክሰኞ አውቶቡስ ላይ በመስኮት በኩል ቦታ እንድይዝላት አዘዘችኝ። ስታዝዘኝ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሐዋሳ ለዶክተር ኤልያስ ሁሉንም ነገረችው፣ ግሳቱን ሳይቀር። እስኪበቃው ከሳቀ በኋላ ዶላሞ ግፊቱን እንዲከታተል አሳሰበን፣ ከዚያም ቀዩ መድኃኒት እንዳለቀና ከዛሬ ጀምሮ ሌላ እንደሚተካ ነገራት። ይህኛው ውሃ ይመስላል። መጀመሪያ የተገኘው ከአንድ የውጭ አገር ዛፍ ቅርፊት እንደሆነ ጣል አደረገ።

የሺ ከወንበሯ ልትነሣ ምንም አልቀራት። «ከዛፍ?»

«ከዛፍ ቅርፊት። ግን ሰው የሚጠቅመውን ለይቶ ለማውጣትና ልኩን ለማወቅ ብዙ ዓመት ፈጅቷል።»

ነርሷ ቁመቷንና ክብደቷን ለክታ፣ ዶክተሩ በዚያ መሠረት አስልቶ፣ መድኃኒቱ ተዘጋጅቶ ሲሰቀልላት የሺ ዓይኗን ከጠብታው ላይ አላነሣችም። ጠብ ይላል፣ ይቆያል፣ ጠብ ይላል። ለረጅም ሰዓት አብሬያት ተቀመጥኩ። መዳፏን ዘርግታ አየች፣ እፍኝ አድርጋ ጨበጠችው፣ ፈታችው። ከዚያ ይህን ቅርፊት የሚነግደው ሰው መቼም ሀብታም ሳይሆን አይቀርም አለች። የሺ እንደተመለሰች ያወቅኩት ያኔ ነው።

ዙሩን ጨረሰች። ፀጉሯ በቅሎ መጀመሪያ ሽበት፣ ከዚያ ጥቁር፣ ከዚያ ድብልቅልቅ ሆነ። ምርመራዋ ደህና ነው፣ በየጊዜው እየሄደች ትታያለች። ገበያም ተመለሰች፣ ግን ነገር ተለውጧል። ዱቄቷን በሻይ ማንኪያ ትሰፍራለች። ከመስፈሯ በፊት ደንበኛውን ምን ኪኒን እንደሚወስድ፣ ስኳሩን መቼ እንደተለካ፣ ሚስቱ እርጉዝ መሆን አለመሆኗን ትመረምረዋለች። አንዳንዱ ካርድ ላወጣ ነው የመጣሁት እንዴ እያለ ይሄዳል። ሮማነወርቅ አጠገቧ ቁጭ ብላ፣ ለማያውቅ ሁሉ የዶላሞን ግሳት እያስመሰለች ታወራለች።

ባለፈው ቅዳሜ ጨርቅ ልገዛ ወጥቼ አጠገባቸው ቆሜ ሳለ አንዲት ሴት መጣች። ከኦሞራቴ ናት፣ ፊቷ የነጣ፣ ሻርፗን እስከ ቅንድቧ ድረስ ያወረደች። ወደ የሺ ጎንበስ ብላ፣ ሰው እንዳይሰማ ሐዋሳ ኬሞ እየወሰደች እንደሆነ፣ መቀጠል እንደደከማት፣ የሺም በሽፈራው እንደዳነች ሰምታ መምጣቷን ነገረቻት። ብዙ ፈለገች። የያዘችው ከረጢት ለዓመት ይበቃል።

የሺ የጆንያውን አፍ ሰብስባ አሰረችው። ለገዢ ጆንያ ስታስር በሕይወቴ አይቼ አላውቅም።

«ለአንቺ አልሸጥም» አለቻት።

ሴትዮዋ የተሰደበች መስሏት ዓይኗ ሞላ። ሮማነወርቅም ደንበኛ ልታባርር ነው ብላ የሺን በክንዷ ጎሸመቻት። የሺ ግን የሴትዮዋን እጅ ይዛ ወደ ራሷ ሳበች፣ የራሷን ሻርፕ ወደ ኋላ ገፍታ ያንን ድብልቅልቅ ፀጉሯን አሳየቻት፣ የሴትዮዋንም መዳፍ አንሥታ ፀጉሩ ላይ አስቀመጠችው።

«መጀመሪያ ሐዋሳ ያለውን ጨርሺ። ሽፈራው የትም አይሄድም። እኔም የትም አልሄድም፤ ስትጨርሺ እዚሁ ታገኚኛለሽ።»